ማኅተም የተመታበት ገጽ

አራሚያችንን ታየችን ወሰዷት ነው ያለኝ፣ ፍሰሐ፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ፣ መቼ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማን፣ ሁለት ሰዎች፣ ወዴት፣ ቀበሌ፣ እዚሁ ልደታ፣ ሃያ ዓመት ለዜና የጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ናቸው፣ አፌ ብቻውን ይጠይቃል፣ እጄ ጠረጴዛውን ጨብጧል።

በምን፣ እላለሁ። በትናንቱ ገጽ፣ ሳንሱር አንብቦ ማኅተም ከመታበት በኋላ ቀይ ቀለም ገብቶበታል።

ቀይ ቀለም።

የኔ ነው፣ እለዋለሁ። አንድ ኮማ። በእንግሊዝኛ የምናወጣው ጋዜጣ፣ ሦስተኛ ገጽ፣ የበቆሎው ዜና፣ «ግን የማኅበሩ ሊቀመንበር እንዳሉት፣ በቆሎው ዘግይቷል»፣ በእንግሊዝኛው ከ«ግን» ቀጥሎ እንዲሁ ኮማ አይገባም፣ መሃል ላይ ሌላ ሐሳብ ሲሰነቀር ግን ከፊቱም ከኋላውም ይገባል፣ ወይ ሁለቱም ወይ ምንም፣ የፊተኛው ጎድሎ ነበር፣ ታየች ሳቀችብኝ፣ ጋሼ ደጉ፣ በቆሎው ራሱ ዘግይቶ ኮማው ቢዘገይ ምን አለበት፣ ቀዩ እስክሪብቶ ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው፣ ምሳ ወጥታ ሳለ ከጠረጴዛዋ አነሳሁት። ማኅተሙን አይቼዋለሁ። ማኅተም ከተመታ ነጥብም አይነካም፣ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይህን የምነግረው እኔ ነኝ፣ ከተነካ ወደ ሳንሱር ይመለሳል፣ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ለአንድ ኮማ ማን ይጠብቃል ብዬ።

ለአንድ ኮማ።

ምን አለች። ፍሰሐ በሩን ይዘጋል፣ እስክሪብቶው የኔ ነው ብላለች፣ ሌላ ቃል አልወጣትም፣ አንተም ዝም በል ጃል፣ እሷን ገሥጸው ይለቋት ይሆናል፣ አንተ ግን አዘጋጅ ነህ፣ ማን ላከህ ነው የሚሉህ።

ይሆናል። ይሆናል ዜና አይደለም። ፊደል ለቃሚው ዱጉማም ገሥጸው ይለቁታል ነበር የተባለው፣ ከተወሰደ አርባ አንድ ቀኑ፣ ኮቱ ዛሬም ማተሚያው ክፍል ተሰቅሏል።

እወጣለሁ፣ በእግሬ ነው፣ አሥር ደቂቃ፣ የቀበሌው በር ላይ ሴቶች ስንቅ ይዘው ተሰልፈዋል፣ ጠባቂው መዝገቡን ይገልጣል፣ ማንን ፈልገው ነው አባት፣ ታየችን፣ ምኗ ነዎት፣ አባቷ ነኝ ብል ያምነኛል፣ ስንቅ ያምጡ ብሎኝ በመጣሁበት እመለሳለሁ፣ ምኗም አይደለሁም እላለሁ፣ ገጹን የነካሁት እኔ ነኝ፣ ቀና ብሎ አያየኝም፣ ስም ይላል፣ ደጉ ገብረጊዮርጊስ፣ ቀስ ብዬ፣ ሲጽፈው እንዳይሳሳት።