ቅቤ የጠጣችው ጀልባ

ሶረቲ ጀልባ ልትመርጥ መሆኑን የነገረችኝ ማክሰኞ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር የሚታየኝ ውኃ ብቻ ሆነ።

ልጄ የወባ ሥራ ላይ ናት። ቦዬ ረግረግ ገብታ የትንኝ እጭ በጠርሙስ እየቀዳች ታመጣለች። እስከ ዐምና ድረስ ጀልባውን የሚቀዝፍላት ፈየራ የሚባል የሥራ ባልደረባዋ ነበር። ፈየራ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ፤ የእንጨቱ ጀልባም ብዙ ሳይቆይ በሰበሰ። ጠብቂ፣ ሰው ይመደብልሽ ብላት፣ "ትንኟ ሰው እስኪመደብ አትጠብቅም፤ ብቻዬን እቀዝፋለሁ" አለችኝ።

እንደ ዕድል ሆኖ፣ ወይም እንደ ዕዳ፣ አንድ የውኃ ባለሙያ ፈረንጅ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ በአየር የሚሞሉ ሁለት የላስቲክ ጀልባዎች ከጅማ በላይ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ከተከራየው ቤት ትቶ ነበር። ሶረቲ አንዷን መርጣ እንድትወስድ ፈቅዶላታል። ቤቱ ሰኞ ለሌላ ሰው ስለሚሰጥ መምረጥ የሚቻለው እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው።

እኔ መጀመሪያ የታየኝ ጉማሬ ነው። ቦዬ ጉማሬ እንዳለ ጅማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ቀጥሎ የታየኝ የቀበሌ ጥበቃ ነው፤ ጀልባ የያዘች ወጣት ሲያይ ልትኮበልል ነው ቢልስ? ቦዬ በጀልባ ቢሄዱበት የትም እንደማያደርስ አውቃለሁ፤ ግን ይህን ለጥበቃው ማን ያስረዳል? ባለቤቴ ነጋሳ አጋሮ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ስልክ ደውዬ ብነግረው፣ "አንቺ እኮ ካፊያ ሲጥል ጅማ ልትሰምጥ ነው የምትዪ ሰው ነሽ" ብሎ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር ጅሬን ወጣን። ቤቱን የሚጠብቁት አዴ ጠይባ የፈረንጁ የቤት ሠራተኛ የነበሩ፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የሚሉ የጅማ ሰው ናቸው።

"ኑ ግቡ፣ ማሎ! ያለምወርቅ፣ ምነው ፊትሽ እንዲህ ጠቆረ? ለቅሶ ነው እንዴ የመጣሽው?"

"ገና ነው፣ አዴ ጠይባ" አልኳቸው።

ሶረቲ ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቀለች።

ሁለቱን ጀልባዎች በረንዳው ላይ ዘረጉልን። አንደኛዋ ግራጫ፣ ሰፊ፣ ክብ ቢጤ ናት። ጎንና ጎኗ ለየብቻ በአየር ይሞላል፤ ግን ሦስት አራት ቦታ ተለጣጥፋለች። ሁለተኛዋን ፈረንጁ ካያክ ይላት ነበር አሉ። ሰማያዊ ናት፤ ጠበብ ብላ ሁለቱም ጫፏ የሾለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራች። ታብረቀርቃለች።

ሶረቲ ሰማያዊዋን በአንድ እጇ አነሳቻት። "እማ፣ እይልኝ! ምንም አትከብድም። መቅዘፊያዋም ባለ ሁለት ጫፍ ነው፤ ግራ ቀኝ እያልኩ መብረር ነው።"

"ዋላሂ እንደ ልጄ ነው የያዝኳት" አሉ አዴ ጠይባ። "ያቺን ሌላዋን አይጥ በላት፣ ጎሚስታ ለጣጠፋት፤ አስጠላችኝና ጥግ ወረወርኳት። ይቺ ግን ሙሽራ ናት!"

ጎንበስ ብዬ ሰማያዊዋን ዳሰስኳት። ለስላሳ ናት፤ ከመጠን በላይ ለስላሳ። ጣቴን አሸተትኩት።

"አዴ ጠይባ፣ ምን ቀብተዋት ነው?"

"ቅቤ ነዋ!" አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። "ታጥፎ የሚቀመጥ ነገር ቅቤ ካልጠጣ አይሰነጠቅም? የአባቴን ኮርቻ እንዲሁ ነበር የምናሸው። በየወሩ ነው የማሻት፣ በተለይ ስፌቷን።"

ሶረቲ ትንሽ ልጅ ሳለች ፀጉሯን ቅቤ ቀብቼ ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አስይዝላት ነበር። ላስቲኩ ሳምንት አይቆይም፤ ያብጣል፣ ይሙለጨለጫል፣ ከዚያ ጠብ ይላል። ፀጉሯን በትና ከትምህርት ቤት ስትመጣ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ! ይቺ ጀልባ ደግሞ ስፌት የላትም፤ እሳቸው ስፌት ያሉትን መጋጠሚያዋን የያዘው ማስቲሽ ነው።

"ይቺ አትሆንም" አልኩ። "ቅቤ ላስቲክ ይበላል።"

"መጣልን!" አለች ሶረቲ። "ሮብ ጉማሬ ነበር፣ ሐሙስ ቀበሌ፣ ዛሬ ደግሞ ቅቤ! ነገ ምን ይሆን?"

"የኔ ቅቤ ነው የሚበላው?" አሉ አዴ ጠይባ።

ሶረቲ የእግር ፖምፓውን አምጥታ ሞላቻት። ጀልባዋ ደረቷን ነፍታ ቀጥ አለች። ልጄ በረንዳው ላይ ገብታ ተቀመጠችባት፣ ነጠረችባት። "ይኸው! የታለ የተበላው?"

ሁለቱንም ጋሪ ላይ ጭነን ውኃ ላይ እንሞክር ብዬ ለመንኳት። አዴ ጠይባም ቅቤያቸው ሲሰደብ ቤት እንደማይቀመጡ ነግረውን ነጠላቸውን ደርበው ጋሪው ላይ ወጡ።

ቦዬ ስንደርስ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሶረቲ ሰማያዊዋን ዳር ላይ አንሳፈፈችና መቅዘፊያውን ልታመጣ ዞር አለች። ያኔ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ። በዕድሜዬ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ውኃ ገብቼ አላውቅም፤ ከነቀሚሴ ገብቼ ጀልባዋ ላይ ዘፍ አልኩ።

"እማ! ምን እያደረግሽ ነው? ውረጂ!"

"አልወርድም። እኔን ከቻለች አንቺንም ትችላለች።"

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እናትሽ ለየላት" አሉ አዴ ጠይባ።

ተቀመጥኩ። ጫፉን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ ዓይኔን ቄጠማው ላይ ተክዬ፣ ከየት በኩል ጉማሬ ብቅ ይል ይሆን እያልኩ ተቀመጥኩ። ምንም አልሆነም። ጀልባዋ እንደ ሕፃን አልጋ እሹሩሩ ትለኛለች። ኀፍረት ያዘኝ።

"ጨረስሽ?" አለች ሶረቲ፤ ድምጿ ሳቅም ንዴትም ነበረበት። "በይ እጅሽን ስጪኝ።"

እጄን ስዘረጋ ከጭኔ ሥር እስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መጋጠሚያው እንደ በሰለ የአተር እሸት ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። እኔም ከነክብሬ ጭቃው ላይ ቁጭ፤ ውኃው እስከ ብብቴ።

"ያ ረቢ!" ብለው አዴ ጠይባ አፋቸውን ያዙ። "ላሳምራት ብዬ እኮ ነው!"

ሶረቲ ጎትታ አወጣችኝ። ከዚያ የተከፈተውን ጠርዝ ያዘችና በሁለት ጣቷ አሸችው። እንደ ማር ተሳበ። ፊቷን ወደ መሀሉ ውኃ አዞረች፤ እዚያ ዳሩ ሩቅ ነው።

"የፀጉሬ ላስቲክ" አለች ቀስ ብላ።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ደስ አለኝ፤ በቃ ወደ ቤታችን ልንሄድ ነው ብዬ። ሶረቲ ግን ወደ ጋሪው ሄዳ ግራጫዋን እያወረደች ነበር።

"አዴ ጠይባ፣ ይቺን ቅቤ ነክቷታል?"

"ለእሷ? ማን ቅቤ ያባክናል!"

ሶረቲ ወደ እኔ ዞረች። "እንግዲህ መራጯ አንቺ ነሽ፣ እማ።"

ምን ልበል? አራት ቀን ሙሉ ማስቀሪያ ምክንያት ስፈልግ ከርሜ፣ የምትሄድበትን ጀልባ በገዛ አፍንጫዬ አሽትቼ አገኘሁላት። ፖምፓውን ነጥቄ ራሴ ረገጥኩት። ሲሞላ፣ ጎሚስታ እንደሚያደርገው በየልጣፊው ላይ ምራቄን እየቀባሁ አረፋ ፈለግሁ። አጣሁ። ብትወድቅ እንዲያንሳፍፋት ባዶ ጀሪካን ሶረቲ ወገብ ላይ አሰርኩባት፤ ሳቀች፣ ግን አልፈታችውም።

ግራጫዋ እንደ ሰማያዊዋ አትበርም። መጀመሪያ እንደ ወፍጮ ባለችበት ዞረች፤ አዴ ጠይባ ከዳር ሆነው "ግራ! ግራ!" ይላሉ። ከዚያ ሶረቲ ዘዴው ገባት። እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ቄጠማው ሥር ደረሰች። ከኋላዋ አንድ ጥቁር ነገር ውኃው ላይ ብቅ ሲል ጮኽኩ። የበሰበሰ ግንድ ነው። ልጄ ጠርሙሷን ከፍ አድርጋ አሳየችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

አሁን በየቅዳሜው ጀልባዋን የምሞላት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላምንም። በእጄ ቅባት እንዳይኖር ቅዳሜ ጠዋት ወጥ አልነካም፣ ፀጉሬንም ቅቤ መቀባት ትቻለሁ። ነጋሳ ከአጋሮ ሲመጣ ድስቱን ከፍቶ ባዶ ያገኘዋል።

"ጀልባዋ የምትጾመውን እኔ ለምን እጾማለሁ?" ይላል።

መሶቡን ከፍቼ ደረቁን እንጀራ አቀርብለትና ጋሪው ሳያመልጠኝ ወደ ቦዬ እወርዳለሁ።