ያልዘፈነችው ስንኝ

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ዘፋኟን ግን ጉድ የሠራት ከአፏ ያልወጣው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ለጋ ሳለች ራሷ ግጥም ጽፋ፣ ራሷ ዜማ አውጥታለት ስቱዲዮ ገባች። ግጥሙ ባሏን ትታ ልትሄድ ስለቆረጠች ሴት ነበር፤

«ቤትህም ይሞቃል፣ እጅህም ይሞቃል፤
በሩን ክፈትልኝ፣ ልሂድ፣ ይበቃል።»

ያኔ ባንዱ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ ባንድ ጊዜ ነበር የሚቀዳው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ቃሉ ከነአካቴው ጠፋባት። ደነገጠች። ዝም ከምል ብላ «እምምም» እያለች ዜማውን ጨረሰችው። እንደገና እንቅዳው ብትል የስቱዲዮው ባለቤት «ተይ እባክሽ፣ ይቺ እምምታ ማር ናት፤ ማንም እንዳይነካት» አለ።

እውነትም ማር ሆነችላቸው። ቤቱ ሞቀ፣ እጁ ሞቀ፣ ሴትዮዋም እምም አለች፤ በቃ፣ የሙሽራ ዘፈን ሆኖ አረፈው። ከቤት ልታስወጣበት የጻፈችው ዘፈን ስንቷን ሴት ቤት እንዳስገባ አንድዬ ይወቀው። የእሷም ስም ቀርቶ «እትዬ እምም» ተባለች። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ባለሱቁ እምም ይላታል፤ ጥርስ ሐኪሙ እንኳ አፏን አስከፍቶ ያንጎራጉርባታል። ከዚያ ወዲህ ስንት አዲስ ዘፈን አወጣች፤ ማን ሰምቷት፣ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ። መድረክ በወጣች ቁጥር የረሳችውን ቦታ እንደገና መርሳት አለባት። የምታስታውሰውን እየረሳች ፀጉሯ ሸበተ።

ዘንድሮ በትልቁ አዳራሽ የክብር ዝግጅት ተሰናዳላት። ልምምድ ላይ ማይኩን አስቀመጠችና፣

«ዛሬ ስንኙን እዘፍነዋለሁ» አለች።

ሥራዋን የምትመራላት ልጇ ከስልኳ ቀና አለች። «የቱን ስንኝ?»

«ያን የረሳሁትን።»

«እማዬ፣ በናትሽ። ሰው የሚመጣው እኮ ለእምምታዋ ነው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውም እሷው ናት።»

«እኔስ? እኔ ለምንድን ነው የምመጣው?»

ልጇ «ደክሞሻል፤ ሻይ ላምጣልሽ» ብላ ወጣች።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ያን ቀን ስቱዲዮ ውስጥ ከነበሩት ዛሬ አብሯት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ጠጋ አለና «አንቺ ብቻ ዝፈኚው፤ እዚያች ላይ ባንዱን ጸጥ አደርግልሻለሁ፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል» አላት። ደስ ሲላት ጊዜ ሻዩን ሁለቴ አስደገመች።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ዘፈኑ ተጀመረ። «እጅህም ይሞቃል» ስትል ኪቦርዱ ጸጥ አለ፤ ባንዱም ጸጥ አለ። ይቺን ጸጥታ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኛት ኖራለች። አፏን ከፈተች።

ሕዝቡ ግን ጸጥታውን ለእሱ የተለቀቀ መስሎት ኖሯል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጉሮሮ «እምምም» አለ። «በሩን ክፈትልኝ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ልሂድ፣ ይበቃል» አለች። ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፤ የራሷን ድምፅ ራሷም አልሰማችው። ሲያልቅ ሁሉም ቆሞ አጨበጨበላት።

ከመድረክ ስትወርድ ከፊት ወንበር የነበረች እኩያዋ የምትሆን ሴት እንባዋን እየጠረገች አቀፈቻት።

«አይዞሽ እትዬ» አለቻት፤ «እርጅና ለማን ይቀራል ብለሽ ነው። እምምታዋ ስትጠፋብሽ፣ አፍሽ ሌላ ሌላ ሲል አየሁሽ እኮ። ምንም አይደል፤ እኛ ሞላንልሽ።»

አልረሳሁም፣ ዛሬ ገና አስታወስኩ ልትል አሰበች። ሴትዮዋ አይዞሽ አይዞሽ እያለች ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋለች። ዘፋኟ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። ኪቦርድ ተጫዋቹ አንገቱን ደፋ።

ወሬው አገር አዳረሰ፤ እትዬ እምም እምምታዋን ረሳች ተባለ። ልጇ ክፉ አይደለችም፤ እናቷ የሰው መሳቂያ እንዳትሆን ፈራች እንጂ። ለሚቀጥለው ዝግጅት ማይኩ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ወረቀት ለጥፋ ጠበቀቻት። ያለ መነጽር እንዲነበብ ፊደሉን አተልቃዋለች።

ዘፋኟ «እጅህም ይሞቃል» አለችና አቀርቅራ አየችው። «እምምም» ይላል። አነበበችው።