የእማዬ ክራንክሻፍት

ዊልፍሬድ ሃስኪንስ ከመኪናው ካምቢዮ፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር ሲታገል ረፋዱ አለቀ። ካምቢዮው ከሞተሩ ጀርባ ሊገጥም አንድ አውራ ጣት ሲቀረው ቀጥ ይላል። ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ግራሶ ይቀባዋል፣ ይሳደባል፣ ደግሞ ይገፋዋል። አሁንም እዚያው ቀጥ።

«ምን ሆነህ ነው አንተ! ግባ እንጂ!»

ታላቅ እህቱ በሪል ወተት ያለበት ሻይ በትልቅ ኩባያ ይዛ የጋራዡ በር ላይ ቆማለች። ዊልፍ ሰባ ዓመት ቢያልፈውም ለእሷ ያው ትንሹ ልጅ ነው።

«በስድብ የሚገባ ከሆነ እኔም ላግዝህ» አለችው።

«በሪል፣ በፈጠረሽ ሂጂልኝ።»

«የት ልሂድ? የጌታዬ ሾፌር አይደለሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ከኮቨንትሪ ወጣ ባለ ሰፈር አጥር ለአጥር ይኖራሉ። ዊልፍ ከአባቱ የወረሳት አሮጌ አረንጓዴ መኪና ባለፈው ዓመት ዳገት ላይ ክራንክሻፍቷ ተሰበረ፤ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት፣ ሞተሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ወፍራሙ ብረት ማለት ነው። ይህ ዛሬ ሱቅ ገብተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ዊልፍን በራሷ አዲስ መኪና የምታመላልሰው በሪል ናት። የሟች እናታቸው ክሬም ቀለም መኪና ግን በበሪል ጋራዥ ውስጥ አንሶላ ለብሳ ተቀምጣለች። ፋብሪካው ያው፣ ሞተሩ ያው። ልዩነቱ የእናትየው ማርሹን በራሱ ይቀይራል፣ የአባትየው በእጅና በግራ እግር በሚረገጥ ፍሪሲዮን ነው። ዊልፍ «ያ የካምቢዮ ጉዳይ ነው፣ ሞተሩን ምን አገባው» ብሎ ክራንክሻፍቱን እንድትሰጠው እህቱን ሲለማመጣት ከረመ።

በሪል እንቢ፣ እንቢ ስትል ቆይታ በመጨረሻ ተረታች። ግን በቃል አሰረችው፦ የአሮጌ መኪኖች ማኅበር በዓል እስከሚከበርበት እሁድ አረንጓዴዋ በራሷ ጉልበት ከጋራዥ ካልወጣች ትሸጣለች። ለዊልፍ እሷ ተሸጠች ማለት መንዳት አበቃ ማለት ነው። አዲስ መኪና አይነካም፤ ማርሹን ራሱ የሚቀይርማ አይነሣበት! አባቱ «ያ መንዳት አይደለም፣ ተጭኖ መሄድ ነው» ይል ነበር። አባትና ልጅ በእናትየው መኪና ሲስቁ ነው የኖሩት።

ዊልፍ ረጃጅም ብሎኖች አምጥቶ ካምቢዮውን በግድ ወደ ሞተሩ ይስበው ጀመር። ብረቱ ሲጥ አለ።

«ተው! ይሰነጠቃል!»

«ዝም በይ፣ እየመጣልኝ ነው!»

«ምኑ ነው የመጣልህ? ዓይንህ የለም?»

ደግሞ ሲጥ አለ። ዊልፍ ደነገጠና ብሎኖቹን ፈታ። ካምቢዮውን እያቃሰተ አወረደና በባትሪ እያበራ የክራንክሻፍቱን ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ። ጣቱ ድፍን ብረት ነካ። ጠረጴዛው ሥር ወደ ወደቀው የአሮጌው ክራንክሻፍት ስባሪ ሄዶ ያንኑ ቦታ ዳሰሰ። ጣቱ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የካምቢዮው ዘንግ አፍንጫ የሚያርፈው እዚያ ነበር። ራሱ ማርሽ ለሚቀይረው ግን ጉድጓዱ ምን ያደርግለታል? ፋብሪካው የእናትየውን ሳይበሳው ተወው።

በዚያ አገር የአሮጌ መኪና ፍቅር የያዘው ሰው የልጁን ልደት ይረሳል እንጂ የሞተር ልክ አይረሳም። ዊልፍም ውፍረቱን ለክቶ፣ ርዝመቱን ለክቶ፣ ለክቶ ለክቶ ነበር የገጠመው።

«ሁሉንም ለክቻለሁ አላልከኝም?»

«ለክቻለሁ!»

«ቂጡንስ?»

ባትሪውን ግድግዳው ላይ ወረወረው። «አውጥቼ አስበሳዋለሁ!»

«ለእሁድ? ሞተሩን እንደገና በትነህ?» አለች በሪል። «የእማዬን መኪና አስፈታኸኝ እኮ! አንዷን አድናለሁ ብለህ ሁለቱንም ገደልካቸው!»

ዊልፍ ከተንበረከከበት ሊነሣ ሞከረ፣ ግራ ጉልበቱ እንቢ አለው። ደግሞ ሞከረ። በሪል ቆማ አየችው፣ እጇን አልሰጠችውም። ሦስተኛ ሲሞክር ግን ኩባያውን አስቀምጣ ብብቱ ሥር ገባችና አነሣችው።

«የዚህ ክራንክሻፍት ካምቢዮ እኔ ጋ ወለሉ ላይ ተጋድሟል» አለችው።

«የእማዬ?»

«የንጉሡ መስሎህ ነው?»

«አባዬ ቢያይ ምን ይላል?»

«አባዬ ሞቷል። አንተ ደግሞ ፍሪሲዮን መርገጥ አትችልም። ያን ቀን ዳገቱ ላይ ማርሽ መቀነስ አቅቶህ ሞተሩን ስታስጮኸው ጎንህ ተቀምጬ አልነበረም? ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩህ!»

ዊልፍ አንገቱ ድረስ ቀላ። ጉልበቱ እንደከዳው ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም ቢሆን መኪናዋን የሰበራት ዘይቱ ነው፣ እርጅናዋ ነው ሲል ነበር የከረመው። የቀዘቀዘውን ሻይ አንሥቶ ጨለጠው።

«የእማዬን ፔዳሎችም ፈትቼ አመጣለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን አዙሮ።

እሁድ እያካፋ አረንጓዴዋ በራሷ ጉልበት ወጣች። በበዓሉ ሜዳ የማኅበሩ ሰዎች ቢራቸውን እንደያዙ አንገታቸውን በመስኮት አስገቡ።

«ዊልፍ! ሦስተኛው ፔዳል የት ገባ?»

እንዲህ ባለ መኪና ከሁሉም ጮክ ብሎ ሲስቅ የኖረው እሱ ራሱ ነበር። «ጉልበቴ በላው» አላቸው። ሳቁበት። ተናደደ፣ ግን ቻለው።

ሲመለሱ ያንኑ ዳገት ወጡ። መኪናዋ ማንም ሳይነካት ማርሽ ቀነሰችና ቀጥ ብላ ወጣች። የዊልፍ ግራ እግር ሥራ ፈቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ ስትነዳ እንዲህ ነበር እንዴ?»

በሪል በመስኮት ታያለች። «እሁድ እሁድ ‹አንዴ ንዳልኝ› እያለች ቁልፉን ትዘረጋልህ ነበር። አንድ ቀን ተቀብለሃት ቢሆን ታውቀው ነበር።»

ዊልፍ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገው። የቤታቸው መታጠፊያ ሲደርስ አልታጠፈም።

«አንተ! አለፍከው እኮ!»

«አውቃለሁ» አለ። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»