ሦስት ዘበኛ ለአንድ በር

ቤተሰቡ «ሊቁ» ይለዋል። ሊቅነቱ የመጣው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ፊት ስለሚቀመጥ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ባስቸገረው ቁጥር የአይቲውን ባለሙያ እንደሚጠራ ግን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። ደግሞስ እንዲህ ያለ ስም ማን ይጠላል?

ታናሽ እህቱ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ሰው ያመጣላትን ጽሑፍ ትተይባለች፣ ታትማለች። ያላት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ሲከፍቱት እንደ ሽማግሌ አቃስቶ ነው የሚነሳው። አንድ ቀን ጠራችውና፣ «ጋሼ፣ ደንበኞቼ ፍላሽ ሲያመጡ ቫይረስ እንዳይገባብኝ ፈራሁ። ነፃ የሆነ፣ ይቺን ደካማ ማሽን የማያስጨንቃት አንቲቫይረስ ምረጥልኝ» አለችው።

የትኛው ቀለል እንደሚል አያውቅም። «አላውቅም» የምትለው ቃል ግን ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረች። ኢንተርኔት ላይ ቢፈልግ አንዱ ይህን፣ ሌላው ያን ያወድሳል። ልቡ ሲወላውል ቆየና መምረጡን ትቶ በብዛት የተወደሱትን ሦስት አንቲቫይረሶች ጫነላት። አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል ብሎ ነው። እህቱም ከጎኑ ቆማ፣ «እጅህ ይባረክ» አለችው።

ሳምንት ሳይሞላ ላፕቶፑ ጭራሽ ተዝለፈለፈ። አንድ ደብዳቤ እስኪከፈት ደንበኛው ወጥቶ ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል። ሊቁ መጣ፣ አየ፣ ነካካ፤ ምንም አልገባውም። እህቱ ዓይን ዓይኑን ስታየው ጨነቀውና ቱግ አለ።

«ያገኘሽውን ፍላሽ ሁሉ እየሰካሽ ምን ይሁን ትያለሽ? እኔ ስንት የለፋሁበትን!»

እሷም አንገቷን ደፍታ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ» አለች። በማግስቱ በሯ ላይ «ፍላሽ አንቀበልም» የሚል ወረቀት ለጠፈች።

ሊቁን ግን ነገሩ ከነከነው። መሥሪያ ቤት የአይቲውን ባለሙያ «አንድ ወዳጄ ቸግሮት ነው» ብሎ ጠየቀው። ባለሙያው በሳቅ ሊሞት ነበር።

«ሦስት? ያውም ደካማ ላፕቶፕ ላይ? ወዳጅህ ጤነኛ ነው? አንድ በር ላይ ሦስት ዘበኛ ብታቆም እኮ እርስ በርስ ሲፈታተሹ ባለቤቱ ደጅ ይቀራል። ሁለቱን ያጥፋ። ቀለል ያለው አንዱ ይበቃዋል፤ ፍላሹን ከመክፈቱ በፊት በሱ ይፈትሸው።»

ሊቁም አብሮት ሳቀ፤ ፊቱ ግን እሳት መሰለ። ያ ጤና የጎደለው ወዳጅ እሱ ራሱ ነዋ!

ከሥራ እንደወጣ ወደ እህቱ ገሰገሰ። ሐሳቡ ትርፎቹን ድምፁን አጥፍቶ ማንሳት፣ ስሙንም ይዞ መውጣት ነበር። ክፍሏ ጭር ብሏል፤ ወረፋ ጠባቂ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ራሷ ተቀምጣለች። «እስቲ ልየው» ብሎ ወንበሯን ሳበ፣ ሁለቱን አጠፋ፣ ቀላሉን አስቀረ። ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ።

«አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» አለች እህቱ፣ በደስታ እያጨበጨበች።

ይሄኔ አንዲት አሮጊት ገቡ። የልጃቸውን የሥራ ማመልከቻ ሊያሳትሙ ነው፤ ፍላሹን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረውታል። እህቱ ተሸማቀቀች።

«ይቅርታ እማማ፣ ፍላሽ መቀበል ትቻለሁ። በኔ ዝርክርክነት የወንድሜን ልፋት ገደል ከትቼበት ነው። ማዶ ያሉት ይሠሩልዎታል።»

እማማ ሊወጡ ዞሩ። ሊቁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እህቱ ያልሠራችውን ጥፋት ለማታውቃቸው ሰው ስትናዘዝ፣ እሱ ወንበሯ ላይ ተንፈላስሶ እየሰማ ነው። እስከ አጥንቱ አፈረ።

«እማማ፣ አይሂዱ» አለ። ከወንበሯም ተነሳ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የትኛው እንደሚሻል ስላላወቅሁ ሦስት ጫንኩባት፤ ማሽኑን ያነቀው እሱ ነው። ፍላሽ ምንም አላደረገም።»

እህቱ ሄዳ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጠችው። ፍላሹን ተቀብላ ፈተሸችው፣ ማመልከቻውን አተመች፣ እማማን እየመረቋት በሩ ድረስ ሸኘቻቸው። ሊቁ ወንበሩን ለቆላት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ደንበኞቼን እኮ ይቅርታ እየለመንኩ ነው የመለስኳቸው» አለችው፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። «ካላወቅህ አብረን ሰው እንጠይቅ ነበር። ለምን እኔ ላይ አላከክከው?»

«አላውቅም» አላት።

ያን ቀን ሊናገራት ያቃተው ቃል ይኸው ወጣ። አሁን ግን መልሱን አሳምሮ ያውቀው ነበር።