የአየር ጤና ላቲኖዎች

አክስቴ እትዬ አጸደ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣቸው ይኸው ሥራ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው አቶ መሸሻ ሊወዳደሯቸው ተነሡ።

በዚያው ሰሞን እኔ ከቴክሳስ ገባሁ። ስድስት ዓመት የተማርኩት የላቲኖ መራጮች ፓርቲያቸውን እንዴት እንደሚመርጡ ነው። ኮልፌ ውስጥ ለዚህ ሙያ የሚሆን ክፍት ቦታ እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ላቲኖ ማነው?» አሉኝ አክስቴ።

«ዘራቸው ከሜክሲኮ፣ ከኩባ፣ ከዚያ አካባቢ የሚመዘዝ አሜሪካኖች ናቸው።»

«የሜክሲኮንና የኩባን ሰው ምን አገናኛቸው?»

«ጥናት ላይ አብረው ነው የሚቆጠሩት።»

«ይሁንላቸው። እኔን እንዴት ታስመርጠኛለህ?»

እድርተኛውን ለሁለት ከፈልኩላቸው። የሸዋና የጎጃም ሰው የራሳችን ስለሆነ የትም አይሄድም፤ ጊዜ አይባክንበት። ከደቡብ ምዕራብ የመጡት የመሸሻ አገር ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ይባበሉ። አሜሪካ ውስጥ ፖለቲከኛ ላቲኖ ሰፈር ሲሄድ ታኮ የሚሉትን ምግባቸውን ይበላል። አየር ጤና ታኮ ስላልነበረ የደቡብ ምዕራቦቹን ምግብ፣ ቆጮ ገዛን።

መጀመሪያ የሄድነው ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ አልማዜ ቤት ነው። ቆጮውን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«እትዬ አጸደ፣ ምርጫ ደረሰ እንዴ?»

«ኧረ እንዲያው ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

«ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነን ሽሮ ነበር የሚያቀርቡልኝ።»

«ሽሮ አትወጂም ለካ?»

«ሽሮማ እወዳለሁ። ቆጮ ነው የማልወደው።» ወደ እኔ ዞረች። «ብላ እንጂ ሚሊዮን፣ አንተ ነህ የገዛኸው መሰለኝ።»

በላሁ።

በእድራችን ልማድ ዕጩዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰው ከመረጠው ኋላ ይሰለፋል። ዕጩ ዞሮ ቢያይ ነውር ነው። የምርጫው ዕለት አልማዜ ቀጥ ብላ ከአክስቴ ኋላ ቆመች። የመሸሻ የወንድም ልጅ ደግፌም ተከተላት። ደረቴን ነፋሁ።

«ቆጮው ነው አይደል?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ባሌ የሞተ ጊዜ እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ከጎኔ መሬት ላይ ተኝተዋል። ቆጮህንማ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ከዚያ የራሳችን ሰዎች ተነሡ። ጎጃሜው ጋሽ ባምላኩ ከፊት፣ ሌላው ተከትሎ፣ ሁሉም ወደ መሸሻ።

«ምነው ጋሼ?»

«መሸሻ ቤቴ መጥቶ ምን ጎደለ አለኝ። የእድሩ ድንኳን ያፈሳል አልኩት። አክስትህ ቆጮ ይዛ በደጄ ስታልፍ ነው ያየኋት።»

ቴክሳስ ድንበር ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። ዴሞክራቶቹ «የኛ ናቸው» ብለው ከተዉዋቸው ላቲኖዎች ብዙዎቹ ወደ ሪፐብሊካኖቹ ሄዱ። ይህን በመመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ ምዕራፍ አብራርቼ ተጨብጭቦልኛል።

«ሚሊዮን» አሉ አክስቴ፣ ሳይዞሩ፤ «ከኋላዬ ብዙ ሰው አለ?»

«ጥሩ ጥሩ ሰዎች አሉ።»

«ጥቂት ናቸው በለኛ።»

ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው። እኔም ሥራ ስለሌለኝ አብሬያቸው እውላለሁ። ስለ ላቲኖዎቹ ይጠይቁኛል።

«እና አሁን በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ተገኘላቸው?»

«በምርጫ ሰሞን ይገኛል» እላቸዋለሁ።