የእጅጌው ስፋት

«ምንም ነገር እንዳትነካ፣ አባዬ። ወንበሩንም እኔ ነኝ የማቀርብልህ» አለች ልጃቸው፣ በሩን በክርኗ እየገፋች።

ልብስ ሰፊው እጃቸውን ሁለቴ ታጥበው፣ ሜትራቸውን እንደ ልማዳቸው አንገታቸው ላይ ጥለው ተከተሏት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሆስፒታሉ ጋዋን ሲሰፉ ኖረዋል። ልጃቸው አራት ዓመት ወደ ከረመችበት ቤተ ሙከራ ሲገቡ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ደረት ኪሳቸው ውስጥ የታጠፈ ቅጽ አለ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች እንደ አዲስ ሊቀበል መሆኑን ነግራ ቅጹን ያመጣችላቸው አንዲት ደንበኛቸው የሆነች ነርስ ናት። የሞሉት እሳቸው ናቸው፤ የቀረው የልጅቷ ፊርማ ብቻ ነው። ምዝገባው ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል።

ሰፈሩ «የሐኪሙ አባት» ይላቸዋል። በታላቁ ልጃቸው ምክንያት ወረፋ ላይ ቦታ ይለቀቅላቸዋል፣ ራሱን ያመመው ሁሉ ሱቃቸው ደጃፍ ቆሞ ምክር ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም አያፍሩም፣ ይመክራሉ። ስለ ሴት ልጃቸው ሲጠየቁ ግን «ትማራለች» ብለው ያልፋሉ። «አሁንም?» ይላል ሰው። ይህቺ «አሁንም» ናት ዛሬ ሱቅ ያስዘጋቻቸው።

«ምነው፣ በደህና ነው? ደንበኛ ጥለህ የመጣኸው?»

«የምትፈርሚው ነገር ስላለ ነው።»

እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ ዓይናቸው እጅጌዋ ላይ አረፈ። ጋዋኑን የሰፉላት ምርምሩን የጀመረች ሰሞን ነው። ልክ ለወንድሟ እንደሰፉት፣ እጅጌውን ሰፋ ለቀቅ አድርገው ነበር የሰፉት፤ ሐኪም በኮሪደር ሲራመድ የሚያምረው እንደዚያ ነዋ። አሁን ሁለቱም እጅጌዎች አንጓዋ ላይ በተራ ላስቲክ ታስረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትንሽ ሰፍቶ ነው። ምንም አይደል።»

«እኔ የሰፋሁት ልብስ እንደ ጎመን ታስሮ ምንም አይደል? ንገሪኝ እንጂ!»

ልጅቷ ሳቀች። «መጀመሪያ ዓመት ላይ እጅጌው ጀርም የማሳድግባቸውን ሳህኖች ነካብኝ። የሦስት ወር ሥራ ሻገተ። ከዚያ ወዲህ አስረዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትሰጠኝ ፊትህን ስላየሁት። ሐኪም የሆንኩ ያህል ነበር ደስ ያለህ።»

ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

«እጄ ጓንት ውስጥ ነው። አሁን ንካ፣ አባዬ፤ አረንጓዴውን ተጫንልኝና ድምፁን ክፈተው።»

የወንድሟ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «በናትሽ፣ ውጤቱ ደርሷል? የአልጋ ሰባቷ ታማሚ ትኩሳት አልወርድ አለኝ። ከወለደች ስድስት ቀኗ ነው፣ የሰጠኋት ሁሉ አልሠራም። ያንቺን ቃል ብቻ ነው የምጠብቀው።»

«አሁን ላነበው ነው። ስልኩን እንዳትዘጋው።»

አባት የወንድ ልጃቸውን ድምፅ ሲያዝና ሲገሥጽ ያውቁታል። ሲለምን ሰምተውት አያውቁም ነበር።

ልጅቷ ከማሞቂያው ውስጥ ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን አውጥታ መብራት ሥር አኖረች። ውስጡ በስስ ግራጫ ነገር ተሸፍኗል። ከታማሚዋ ደም የተወሰደው ጀርም ነው፤ አድሮ ተባዝቶ ሳህኑን ሞልቶታል። ላዩ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ስድስት ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው የተነከሩት በተለያየ መድኃኒት ነው።

«የሚሠራ መድኃኒት ዙሪያውን ያጠራዋል» አለች በሹክሹክታ።

አምስቱን ግራጫው እስከ ጠርዛቸው ከቧቸዋል። የስድስተኛው ዙሪያ ብቻ ጥርት ብሏል። ልጅቷ ማስመሪያ አንሥታ ትንፋሿን ይዛ ለካች፤ ሳህኑን አዙራ ደግማ ለካች። ልብስ ሰፊው ያን አጎነባበስ ያውቁታል። መቀስ ከማንሣታቸው በፊት ራሳቸው የሚያጎነብሱት እንደዚያ ነው።

«ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር» አለች ቀና ብላ፤ የመድኃኒቱንም ስም ነገረችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለቴ ለክቼዋለሁ።»

«ተባረኪ!» አለና ስልኩ ተዘጋ።

አባት ወደ ሳህኑ ጎንበስ አሉ። «ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም።»

«ስትድን እኮ የምታመሰግነው እሱን ነው።»

«ይገባዋል። አጠገቧ ቆሞ ያደረው እሱ ነው።»

«አራት ዓመት ሙሉ የምትሠሪው ይሄን ነው?»

«ይሄማ የወንድሜ ነው፣ ሲቸግረው የማግዘው። የእኔን ላሳይህ።» ሌላ ሳህን አወጣች። መካከሉ ላይ ከወንዝ ዳር አፈር የተገኘ ሌላ ጀርም አድጎ የሠራት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች፤ ግራጫው ከእሷ ሸሽቶ እስከ ሳህኑ ጥግ ተገፍቷል። «አንድ ቀን ስድስቱም ላይሠሩ ይችላሉ። ለዚያ ቀን የሚሆነውን ነው የምፈልገው። ይቺ ገና ስም የላትም። ያየናት አስተማሪዬና እኔ ብቻ ነን። ሦስተኛው አንተ ነህ።»

«ከዚህ ግቢ?»

«ከዓለም፣ አባዬ።»

ልብስ ሰፊው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁ ራሳቸውም አላወቁም። ዋና ሐኪሞች ፊት ብዙ ጊዜ እጅ ነሥተዋል። በዚያች ነጥብ ፊት ግን ጮክ ብሎ መናገር እንኳ ድፍረት መሰላቸው።

«መድኃኒት ትሆናለች?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አላውቅም። ላትሆንም ትችላለች።»

«እና ሳታውቂው ነው አራት ዓመት?»

«ሳላውቀው ነው።»

ሳህኖቹን መልሳ ጓንቷን አወለቀች። የግድግዳው ሰዓት አሥር ተኩል ይላል። «የምፈርመው ነገር አለ አልከኝ አይደል?»

ልብስ ሰፊው ቅጹን አወጡ። የወንድ ልጃቸውን የትከሻ፣ የደረትና የእጅጌ ልክ ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱም ይናገሩታል። ይቺን ልጅ ግን ለዚያ ጋዋን ለክተዋት አያውቁም። የወንድሟን ልክ ትንሽ ቀንሰው ነበር የቆረጡላት።

ቅጹን ገልብጠው ባዶ ጀርባውን ጠረጴዛው ላይ አነጠፉት፤ ከጆሮአቸው ላይ እርሳሳቸውን፣ ከአንገታቸው ሜትራቸውን ወሰዱ።

«አሁን መንካት ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን ምን ልታደርግ ነው?»

«ላስቲኩን ፍቺና ክንድሽን ዘርጊ» አሉ። አንጓዋን ለኩና አሥራ አምስት ተኩል ብለው ጻፉ፤ ከዚያም ደግመው ለኩ።