የታጠበው ስልክ

«ያን ነገር አስቀምጪና ይችን ቅመሽ» አሉ እማማ ወለተ ሚካኤል፣ የንፍሮውን ሳህን ወደ ፍራሹ እየገፉ። «ስልክ እህል አይሆን።»

ሕሊና ከባቄላው ቆንጠር አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተች። አማቷ ለቀስተኛ ሊቀበሉ ሲነሡ የባሏን ስልክ ነጠላዋ ሥር መልሳ ከፈተች። ድምፁን አጥፍታዋለች። ልቅሶ ቤት ዘፈን ቀርቶ የራዲዮ ዜና እንኳ አይከፈትም።

ባሏ ደምሌ የመካነ ኢየሱስ ከተማ የውሃ ሠራተኛ ነበር። ፓምፕ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ከቀብሩ ወዲህ ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። ሰው ሁሉ «ዝምተኛ ነበር» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው የለውም። ሕሊናም አብራው ኖራ ብትጠየቅ ብዙ የምትጨምረው አልነበራትም። ከሞቱ ይልቅ የሚያስፈራት ይኸው ነበር፤ ሳታውቀው መቅረቷ።

ስልኩ ግን የሚጨምረው ነበረው።

ሕሊና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ታስተምራለች። «ማሽኑ አያውቃችሁም» ትላቸው ነበር ተማሪዎቿን። «የነካችሁትን፣ የቆያችሁበትን፣ ሳታዩ ያለፋችሁትን ይሰበስብና ቀጥሎ ምን እንደምትወዱ ይገምታል። በቃ፣ ግምት ነው።» ከሠልስቱ በኋላ ፎቶውን ፍለጋ ስልኩን ስትከፍት፣ ዩቲዩቡ ባለቤቱ እንዳለ ሁሉ ለደምሌ የሚሆነውን ደርድሮ ጠበቃት። የንብ እርባታ፣ የፓምፕ ጥገና፣ የቅኔ ጉባኤ። እነዚህን ታውቃቸዋለች። በመካከላቸው ግን ቀይ ቆብ ያጠለቀ መምህር፣ አንድን ጎልማሳ ውሃ ላይ በጀርባው አስተኝቶ መዳፉን ከማጅራቱ ሥር ይዞለት ነበር። ከፈተችው። ከግርጌው ያለው ቀይ መስመር እንደሚያሳየው ደምሌ እኩሌታውን አይቶታል። ከሥሩ ሌላ፣ ከሱ ሥር ደግሞ ሌላ መጣ። ሁሉም ውሃ ለሚፈሩ አዋቂዎች የተዘጋጀ የዋና ትምህርት ነው።

በተጋቡ በወሩ ባሕር ዳር ሄደው ነበር። ጀልባው ሊነሣ ሲል ደምሌ ዳር ላይ ቀረ።

«ራሴን አሞኛል። አንቺ ሂጂ፣ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

ስትመለስ ከቆመበት አልተነቃነቀም ነበር። «የውሃ ሠራተኛ ውሃ ሲፈራ!» ብላ በሰው ፊት ሳቀችበት። እሱም ሳቀ። «እኔ የማውቀው በቧንቧ የሚመጣውን ነው» አለ። ከዚያ በኋላ የጣና ስም እቤታቸው ተነሥቶ አያውቅም።

ለካስ ይማር ነበር። ከማን ጋር ሊዋኝ? በእስቴ ምድር የትኛው ባሕር ላይ?

ስልኩ የሚያቀርብላትን በስስት ማየት ጀመረች። ደምሌ ማታ ሲገባ ኪሱን ዳብሶ ኮክ ያወጣላት እንደነበረው፣ ስልኩም በየቀኑ አንድ ነገር ያወጣላታል፤ ከአንድ በላይም አትከፍትም። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ትንሽ ጀልባ ላይ የተቀመጡበት የቪዲዮ ሥዕል መጣ። አልነካችውም። ለነገ አሳደረችው።

በማግሥቱ የደምሌ ታላቅ ወንድም ቄስ ቀለመ ወርቅ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ።

«ስልኩን ስጭኝማ። ወገዳና ጋይንት ያሉትን ዘመዶች ቁጥር ላውጣ፤ ለአርባው ይጠሩ።»

እጇ ዘገየ። ወንድም የወንድሙን ስልክ ሲጠይቅ ምን ተብሎ ይከለከላል? ሰጠቻቸው።

ሲመልሱላት በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለውት ነበር።

«እንግዲህ ሐሳብ አይግባሽ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ስልክ ጠጋኙ ሰዲቅ ሱቅ ወስጄ አጠብሁት።»

«አጠቡት?»

«ዘፈኑን፣ ያየውን፣ የፈለገውን፣ ሁሉንም። ሰው ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያይ ማን ያውቃል? ገላውን አጥበን፣ ገንዘን ቀበርነ። ስሙስ? ነገ አንዱ ወሬኛ ከፍቶ ቢያይበት …» በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔም አላየሁም። የወንድሜን ገመና አላይም ብዬ ፊቴን አዙሬ ነው ያስጠፋሁት። ፎቶዎቹ አሉልሽ።»

ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባ» አለች ሕሊና።

ስትከፍተው የማታውቃቸው ሰዎች ሠርግ፣ የኳስ ጨዋታ፣ የሚያሽካካ ቀልደኛ ተደርድረዋል። ስልኩ ማን እጅ ላይ እንዳለ አያውቅም፤ ለመንገደኛ ሁሉ የሚያቀርበውን አቀረበላት።

ሰዲቅ ከሰዓት ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ አስጠራችው።

«የሚመለስበት መንገድ አለ?»

«የለም፣ እትዬ። እኔማ ‹ይቅር አባ፣ ምን አለበት› ብዬ ነበር። ‹ጥርግ አድርገው› አሉኝ። የቄስ ቃል ባልሰማ፣ ‹ይኼ እስላም ናቀን› ይሉኛል ብዬ …» ፈገግ ሊል ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «አጠፋሁ እንዴ?»

«የለም። የታዘዝኸውን ነው ያደረግኸው።»

መንገድ እንደሌለ ሳትጠይቀውም ታውቅ ነበር።

ደምሌን መልሳ ልትሠራው ተነሣች። ንብ ፈለገች፤ ፓምፕ ፈለገች፤ ቅኔ ፈለገች። የማትወደውን የሞተር ጥገና ሳትዘል እስከ መጨረሻው አየች። ስልኩ ታዛዥ ነው። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ንቡንም ፓምፑንም ቅኔውንም ደርድሮ አቀረበላት። ስታየው ልቧ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ወደቀ። የሰጠችውን ነበር የሚመልስላት። ይኼ እሷ የምታውቀው ደምሌ ነው። ያኛውን፣ ያልነገራትን ሰው፣ ለስልኩ ልታስተምረው አትችልም፤ አታውቀውማ። ዋና ብላ ስትፈልግም እንደ አዲስ ጀማሪ ከመጀመሪያው ትምህርት አስጀመራት። ደምሌ ግን የት ደርሶ ነበር? የመምህሩ መዳፍ ከማጅራቱ ሥር ሲነሣ ውሃው ላይ መቆየት ችሎ ነበር? ያችን ጀልባም ፈለገቻት። ጀልባ ሞልቷል፤ ያችን የሚመስሉ ሁሉ ያች አልነበሩም።

አንድ ቀን ከሰዓት ንቦቹ መሐል አዲስ ነገር መጣ። ጥቁር ቀሚስ የምትሸጥ ነጋዴ። ከሥሯ ባሏን ስላጣች ሴት መጽናናት የሚናገር ሰባኪ። ሕሊና እንዲህ ያለ ነገር ፈልጋ አታውቅም። ምናልባት የሆነች ለቀስተኛ ምስል ላይ ሳታስበው ቆይታ ይሆናል፤ የቱ ላይ እንደሆነ ግን አታስታውስም። ስልኩ ደምሌን ትቶ እሷን ማወቅ ጀምሯል።

በነካችው ቁጥር ደምሌን እያራቀች ነበርና ጣቷን ከስልኩ መስተዋት ላይ አነሣች። ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሰብስባ ብብቷ ሥር ወሸቀቻቸው። ስልኩ ጭኗ ላይ ጥቂት በርቶ ቆየና ጠፋ።

«በረደሽ እንዴ ልጄ?» አሉ እማማ ወለተ ሚካኤል።

«አዎ፣ እማማ።»

አማቷ እጇን አሽተው ሊያሞቁላት መዳፋቸውን ዘረጉ። ሕሊና ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች፤ እጆቿን ግን አላወጣችም።